ልጅቷ 4 ዓመት አልፏታል፤ ቡስተር ይበቃታል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሴት ልጄ 4 ዓመት ከ2 ወር ሆናት፤ 36 ፓውንድ ትመዝናለች፣ ቁመቷ 41 ኢንች ነው። ወንድሟ 6 ዓመት ተኩል፣ 52 ፓውንድ፣ 48 ኢንች ነው፤ ዓምና ጀርባ በሌለው ቡስተር (ልጁን ከፍ አድርጎ በመኪናው ቀበቶ በሚያሳስረው መቀመጫ) መሄድ ጀምሯል። አሁን እሷም «እንደ ወንድሜ!» እያለች ካር ሲቷ (የራሱ ማንገቻ ያለው የልጆች መቀመጫ) ላይ ስናስራት ታለቅሳለች። ባለቤቴ ደግሞ «ሕጉ እስከ 8 ዓመት የሚለው ካር ሲት ወይም ቡስተር ነው» ብሎ እንደ ወንድሟ ያለ ቡስተር ገዝቶላት መጣ። ከትምህርት ቤት በመኪናቸው የሚያመጧቸው አማቴ የካር ሲቱን ዘለበት መፍታት አቅቷቸዋል፤ ለእሳቸውም ቡስተሩ ይቀላል። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። በሐምሌ ደግሞ አዲስ አበባ እንሄዳለን። የትኛውን እንያዝ?
— እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልብዎ ያልረጋው በከንቱ አይደለም። ልጅዎ ባለማንገቻው ካር ሲት ላይ ትቆይ።

ባለቤትዎ የገዙትን ቡስተር ገልብጠው ከሥሩ ወይም ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አብዛኞቹ ቡስተሮች ከ40 ፓውንድ በታች ለሆነ ልጅ አይፈቅዱም። 36 ፓውንድ የምትመዝን ልጅ እዚያ ላይ ከተቀመጠች ከአምራቹ መመሪያ ውጪ ነች ማለት ነው። ክርክሩ እዚሁ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ግን በዓመት ጊዜ ውስጥ 40 ፓውንድ ትሞላለች፣ ያኔ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ምክንያቱንም ማወቁ ይሻላል።

ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያያቸው እንደ ትንሽና ትልቅ ወንበር ነው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ባለማንገቻው ካር ሲት ራሱ ከመኪናው ጋር ይታሰራል፤ ልጁ ደግሞ ከካር ሲቱ ጋር በአምስት ቦታ ይታሰራል፦ በሁለቱ ትከሻዎች፣ በሁለቱ ዳሌዎችና በእግሮቹ መሀል። መኪናው ሲጋጭ ኃይሉ በጠንካሮቹ የሰውነት ክፍሎች ላይ ይከፋፈላል። ልጁ ቢያንቀላፋም ቢቁነጠነጥም ከቦታው አይወጣም። ቡስተር ግን ልጅ አይዝም። የሚይዘው የመኪናው ቀበቶ ነው፤ ያ ደግሞ ለአዋቂ ተለክቶ የተሠራ ነው። የቡስተሩ ሥራ ልጁን ከፍ አድርጎ ቀበቶው ከሆድ ወርዶ ዳሌ ላይ፣ ከአንገት ርቆ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው።

ቀበቶው እዚያ ቦታ ላይ የሚቆየው ደግሞ ልጁ ቀጥ ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ ነው። የ4 ዓመት ልጅ የወደቀ አሻንጉሊት ለማንሳት ትጎነበሳለች፣ ወንድሟ ላይ ለመድረስ ትጠማዘዛለች፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ወደ ጎን ትዘነበላለች ወይም ወደ ታች ትንሸራተታለች። ያኔ የታችኛው ቀበቶ ከዳሌዋ ወጥቶ ሆዷ ላይ ይሆናል። የትንሽ ልጅ የዳሌ አጥንት ገና ስላልጎለበተ ቀበቶውን እንደ አዋቂ አጥንት አንቆ አያስቀረውም። ግጭት ሲደርስ ቀበቶው ሆድ ውስጥ ይሰምጥና አንጀትን፣ ሌላውን የሆድ ዕቃና የጀርባ አጥንትን ይጎዳል። ጉዳቱ የታወቀ ከመሆኑ የተነሳ ሐኪሞች ከመኪና ቀበቶ ጋር አያይዘው ራሱን የቻለ ስም አውጥተውለታል።

ባለቤትዎ ስለ ሕጉ የተናገሩት በግማሽ ልክ ነው። ሜሪላንድ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች (145 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ካልደረሰ በቀር፣ በልጆች መቀመጫ እንዲሄድ ታዛለች። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ ከ2 ዓመት በታች ያሉት ፊታቸው ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ እንዲቀመጡ ተደንግጓል። ቨርጂኒያም ሆነ ዲሲ ቢሻገሩ 8 ዓመት የሚለው ያው ነው። ነገር ግን የሜሪላንዱ ሕግ መቀመጫው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ሥራ ላይ እንዲውል ይጠይቃል። እንግዲያው ከ40 ፓውንድ ጀምሮ በተፈቀደ ቡስተር ላይ 36 ፓውንድ ልጅ ማስቀመጥ ሕጉንም አያሟላም። ደግሞስ ሕጉ የሚናገረው ስለ ዝቅተኛው ነው። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ሆነ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚሉት አንድ ነው፦ ልጁ የካር ሲቱን የመጨረሻ ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ በማንገቻው ይቆይ።

«መሙላት» የሚታወቀው በልደት ቀን አይደለም። ከሚከተሉት አንዱ ሲደርስ ነው፦ ክብደቷ በካር ሲቱ ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ሲነካ (በብዙዎቹ 65 ፓውንድ ነው፤ 40 ወይም 50 ላይ የሚያበቁም አሉ)፣ ቁመቷ እዚያው የተጻፈውን ሲያልፍ (ብዙ ጊዜ 49 ኢንች)፣ ወይም ማንገቻው የመጨረሻው ከፍታ ላይ ወጥቶ እንኳ ትከሻዋ ሲበልጠው። አንዳንድ አምራቾች የጆሮዋ ጫፍ የካር ሲቱ ጀርባ አናት ላይ ሲደርስም አልፋዋለች ይላሉ። በ41 ኢንችና በ36 ፓውንድ ላይ ሆና፣ 65 ፓውንድ የሚይዝ ካር ሲት ካላችሁ፣ ገና ብዙ ቦታ አላት።

አሁን ወደ ልቅሶው። «እንደ ወንድሜ» የሚለው ምክንያቱ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚያማት ነገር እንደሌለ ይፈትሹ። ልጆች ያድጋሉ፣ ማንገቻው ግን የዛሬ ዓመት ባስተካከሉት ቦታ ይቀራል። ፊቷ ወደ ፊት ለሆነ ልጅ ማንገቻው ከካር ሲቱ ጀርባ የሚወጣበት ቀዳዳ ከትከሻዋ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ከታች ከሆነ ትከሻዋን ወደ ታች ይጫናታል፤ በግጭት ጊዜም ጀርባዋን ያጎብጣታል። በእግሮቿ መሀል ያለው ማሰሪያም በብዙ ካር ሲቶች ሁለት ወይም ሦስት ርቀት አለው፤ አሁንም ወደ ኋላ ባለው ቀዳዳ ላይ ከሆነ ጭኗን ይቆነጥጣታል። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ የዘለበቱ ብረት ያቃጥላል፤ ሲያቆሙ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም የምታለቅሰው በቅናት ከሆነ፣ ሁለቱን ማንገቻዎች ደረት ላይ የሚያያይዘውን የደረት መቆለፊያ ራሷ ትግጠም፤ መኪናው የሚነሳውም እሷ «ጨረስኩ» ስትል ይሁን። ወንድሟ ፊት «የሕፃን ወንበር» ብሎ መጥራት ቤት ውስጥ ይቅር። ከዚያ ወዲያ ብታለቅስም ታልቅስ፤ ይህ በልጅ ምርጫ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

የላላ ማንገቻ ለይስሙላ የታሰረ ነው። መለኪያው ይህ ነው፦ ከአንገቷ ግርጌ፣ ትከሻዋ ፊት ለፊት ባለው አጥንት ላይ የማንገቻውን ጨርቅ ወደ ላይና ወደ ታች በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ይሞክሩ። ጨርቁ ታጥፎ ጣትዎ ውስጥ ከገባ ላልቷል፤ ጣትዎ ከተንሸራተተ በቂ ነው። የደረት መቆለፊያው ከብብቷ እኩል ይሁን፤ ሆድ ላይ ከወረደ ማንገቻው ከትከሻዋ ሊንሸራተት ይችላል፣ ጉሮሮ ሥር ከወጣም ጥሩ አይደለም። ማንገቻው የትም ቦታ እንዳይጠማዘዝ።

በክረምት የሚደረገው ወፍራም ጃኬት ማንገቻን የሚያላላ ዋነኛ ጠላት ነው። ማመን ካስቸገረዎ ጃኬቷን አልብሰው አጥብቀው ይሰሯት፤ ከዚያ ማንገቻውን ሳይነኩ ፈትተው ጃኬቷን ያውልቁና መልሰው ይሰሯት። የሚያዩት ክፍተት በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲታመቅ የሚፈጠረው ክፍተት ነው። መኪና ውስጥ ስስ ሹራብ ይበቃታል፤ ታስራ ካበቃች በኋላ ጃኬቱን በግልባጩ እጇን አስገብተው ከላይ ያልብሷት። አያት ጋቢ ካላቸው ለዚህ የሚስተካከለው የለም። ብቻ ከማንገቻው በላይ ይሁን፤ ከሥር ወይም ከጀርባዋ አይነጠፍ።

ካር ሲቱ ከመኪናው ጋር የሚታሰርበትን መንገድ ደግሞ አንዴ ተቀምጠው ይዩት። የሚታሰረው በሁለት መንገድ ነው፦ በመቀመጫው መጋጠሚያ ውስጥ በተደበቁት የብረት ዘንጎች (ላች የሚባሉት) ወይም በመኪናው ቀበቶ። ከሁለቱ የሚበልጥ የለም፤ አንዱን በትክክል መጠቀም ነው። መመሪያው ካልፈቀደ ሁለቱን አንድ ላይ አያድርጉ፤ ሁለት ስለሆነ ይጠነክራል ማለት አይደለም። በላች ያሰሩ ሰዎች የሚዘነጉት የክብደት ወሰኑን ነው። የልጅቷና የካር ሲቱ ክብደት ተደምሮ ከ65 ፓውንድ ማለፍ የለበትም። ካር ሲቱ 22 ፓውንድ ቢመዝን ላቹ የሚያገለግላት እስከ 43 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በካር ሲቱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ወደ ቀበቶ ይዛወራል። በቀበቶ ሲያስሩ የትከሻውን ክፍል እስከ መጨረሻው ጎትተው ያውጡት፣ ከዚያ ሲመልሱት ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆለፋል። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች ቀበቶ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ እንዲቆለፍ ግዴታ ነው፤ በአብዛኞቹም መንገዱ ይህ ነው። ጉልበትዎን ካር ሲቱ ላይ ጭነው እየጎተቱ ያጥብቁ። ከዚያ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ግራና ቀኝ ይነቅንቁት፤ ከ1 ኢንች በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይሰሩት። አናቱን ይዘው አይፈትሹ፤ አናቱ ምንጊዜም ይነቃነቃል።

ለአናቱ ቴዘር አለለት። ከካር ሲቱ ጀርባ አናት የሚወጣው፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ማሰሪያ ነው። ብዙ ቤተሰብ ካር ሲት ወደ ፊት ሲያዞር የሚረሳው እሱን ነው። ቴዘር በግጭት ጊዜ የልጅን ራስ ወደ ፊት መወርወር ከ4 እስከ 6 ኢንች ይቀንሳል፤ የፊት ወንበር ጀርባና የልጅ ግንባር መሀል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ በዓይንዎ ይለኩት። ማያያዣው በሴዳን መኪና ከኋላ መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በሚኒቫንና በኤስዩቪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ አንዳንዴም ወለል ወይም ጣሪያ ላይ ይገኛል። የሻንጣ መንጠቆ ሌላ ነው፤ የመኪናውን መመሪያ ሳያዩ አያያይዙት። ላቹን ትተው ወደ ቀበቶ ሲዛወሩም ቴዘሩ ይቀጥላል።

አማትዎ ዘለበቱን መፍታት ያቃታቸው ደካማ ስለሆኑ አይደለም። ልጅ በራሱ እንዳይፈታው የፌዴራሉ መመዘኛ ቁልፉ ለመጫን ከ9 እስከ 14 ፓውንድ ኃይል እንዲፈልግ ስለሚያዝ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ማንገቻውን ማላላት፣ ቀጥሎ ዘለበቱን ከሥሩ በአንድ እጅ ደግፎ ቀዩን ቁልፍ በሌላው እጅ አውራ ጣት መሀል ለመሀል መጫን። ልጅቷ ወደ ፊት ተንጠራርታ ማንገቻውን ከወጠረችው ማንም አይፈታውም፤ ጀርባዋን ታስጠጋ። ከበፊቱ ይልቅ እየጠነከረ ከመጣ ውስጡ ጭማቂ ወይም ፍርፋሪ ገብቷል ማለት ነው። መመሪያው ከፈቀደ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁት። ዘይትም ሆነ ሌላ ማለስለሻ አይንካው። ማንገቻውንም በእርጥብ ጨርቅ ከመጥረግ አልፈው በማሽን አይጠቡት፣ በረኪና አያስነኩት፤ ጨርቁ ሳይታይ ይደክማል።

ካር ሲቱን ከመኪና ወደ መኪና ማመላለስ ስህተት ይወልዳል። ለአማትዎ መኪና ሌላ ካር ሲት ቢገዙ ይሻላል፤ ውድ መሆን የለበትም። አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ካር ሲት ሁሉ የፌዴራሉን የደኅንነት መመዘኛ ቁጥር 213 ማሟላት አለበት፤ የግጭት ፈተናውም በሰዓት 30 ማይል ገደማ የሚደረግ ነው። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው ጨርቁ፣ የጽዋ ማስቀመጫውና የመግጠም ቅለቱ ነው። ከዘመድ የሚሰጥ ያገለገለ ካር ሲት የሚወሰደው ሰጪው ታሪኩን በሙሉ የሚያውቅ ከሆነ ብቻ ነው፦ ግጭት ውስጥ አልነበረም፣ መለያ ጽሑፉ አልተላጠም፣ ከተሠራ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው የአገልግሎት ዘመኑ ውስጥ ነው። ቀኑ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ተቀርጾ ይገኛል።

ስለ ወንድ ልጅዎ አልጠየቁም፤ እኛ ግን ዝም ብለን አናልፈውም። በ52 ፓውንድና በ48 ኢንች ቡስተር ላይ መሆኑ ክፋት የለውም። ጀርባ የሌለው መሆኑ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ቡስተሩ ላይ ሲቀመጥ የመኪናው ወንበር ጀርባ ወይም የራስ መደገፊያ ከጆሮው በላይ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ አንገቱን የሚይዝለት የለም። ሁለተኛ፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ ወደ ጎን ሲዘነበል የትከሻው ቀበቶ ከትከሻው ይወርዳል። ለአንቀላፊ ልጅ ጀርባ ያለው ቡስተር ይሻላል፤ ጎንና ጎኑ ይደግፈዋል፣ የትከሻ ቀበቶውንም በማሳለፊያው ይዞ ያቆየዋል። ባለቤትዎ የገዙትን ቡስተር ገና ካልተጠቀሙበት ለእሱ ጀርባ ባለው ቢያስቀይሩት ገንዘቡ አይባክንም።

ቡስተር ላይ ሲያስሩት የታችኛው ቀበቶ በሁለቱም በኩል ከእጅ መደገፊያዎቹ ሥር ይለፍ። የትከሻው ቀበቶም ዘለበቱ ባለበት ወገን ከመደገፊያው ሥር ይግባ። ከላይ ሲያልፍ ቀበቶው ከጭኑ ተነስቶ ወደ ሆዱ ይወጣል። የትከሻው ክፍል በአንገቱና በትከሻው ጫፍ መካከል ይረፍ። «አንገቴን ነካኝ» ብሎ በብብቱ ሥር ወይም ከጀርባው ካሳለፈው ያስቁሙት፤ የላይኛው አካሉ ያለመያዣ ይቀራል። ቡስተር የላይና የታች ቀበቶ ባለበት ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የወገብ ቀበቶ ብቻ ባለበት ፈጽሞ አይቻልም። ባዶውን ሲጓዝም በቀበቶ ይታሰር፤ አለበለዚያ በግጭት ጊዜ የሚወረወር ዕቃ ነው። ከቡስተር ለመውረድ አይቸኩል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ቡስተር ከመኪና ቀበቶ ብቻ ጋር ሲነጻጸር የከባድ ጉዳት አደጋን በ45 ከመቶ ይቀንሳል። የሚወርደው ጀርባው ተደግፎ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ፣ እግሩ ወለል ሲነካ፣ ቀበቶው ጭኑና ትከሻው ላይ ሲያርፍና መንገዱን በሙሉ እንደዚያው መቀመጥ ሲችል ነው። ያ የሚሆነው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከ 12 ዓመቱ ድረስም ቦታው የኋላ ወንበር ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የልጅቷን ካር ሲት ይዘው ይሂዱ። መለያው ላይ ለመኪናና ለአውሮፕላን መፈቀዱ በቀይ ጽሑፍ ካለ፣ የራሷ መቀመጫ ላይ አስረው ይጓዙበታል፤ ስፋቱን ግን ከአየር መንገዱ ጋር አስቀድመው ያጣሩ። ቡስተር በአውሮፕላን መነሻና ማረፊያ ጊዜ አይፈቀድም፤ የአውሮፕላን ቀበቶ የትከሻ ክፍል የለውም። እሱ በዕቃነት ይሄዳል።

የሚያስቸግረው እዚያ የሚጠብቃችሁ መኪና ነው። በአሮጌ መኪኖች ውስጥ የኋላው ቀበቶ የወገብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዘለበቱም የወንበር ልብስ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ዘመድ የወንበሩን ልብስ ገልጦ የኋላውን ቀበቶዎችና ዘለበቶች ፎቶ ያንሳላችሁ። ቀበቶው ከአሜሪካ መኪና ውጪ ብዙ ጊዜ ቀስ ተብሎ ሲጎተት አይቆለፍም፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ካር ሲቱ የራሱ የቀበቶ መቆለፊያ እንዳለው መመሪያው ላይ አሁኑኑ ይመልከቱ። ከሌለው የኤች ፊደል ቅርጽ ያላት የብረት መቆለፊያ ከአምራቹ ይጠይቁ። ቴዘር ማያያዣ ላይኖር ይችላል፤ ያለ ቴዘር መጠቀም መፈቀዱን ያው መመሪያ ይነግርዎታል። የትከሻ ቀበቶ ያለው ቦታ ለወንድየው ከቡስተሩ ጋር ይሁን፤ የወገብ ቀበቶ ብቻ ያለበት ቦታ የልጅቷን ካር ሲት ይችላል፤ የወገብ ቀበቶ ማንገቻ ላለው ካር ሲት ይበቃል።

ከጉዞው በፊት አንድ ጊዜ ባለሙያ ያሳዩት። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእሳት አደጋና ነፍስ አድን አገልግሎት የካር ሲት ምርመራ ያደርጋል፤ ቀጠሮ ይያዙ። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጣቢያ ዝም ብለው አይሂዱ፤ እያንዳንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለዚህ የሰለጠነ አይደለም። ሲሄዱ ልጅቷንም፣ ሁለቱንም መመሪያዎች (የመኪናውንና የካር ሲቱን)፣ አማትዎንም ይዘው ይሂዱ። መግጠሙን ባለሙያው ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ ሥሩት፤ እሱ ይመልከት። አዲስ አበባ ላይ ያለ እሱ ነው የምትገጥሙት።